የኮሚናሉ ፕሮጀክተር፦ የሁለት ሳምንት ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ዛሬ ገባ። ለወራት በየቤቱ ያዋጣነው ብር ፕሮጀክተር ሆኖ በካርቶን ከመርካቶ መጣ። ያገለገለ ነው፤ አዲስ ለመግዛት አቅማችን አልፈቀደም። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የምንኖር ሰዎች ኮሚናል የምንለው የጋራ መጠቀሚያ ቤት አለን። እድር የሚሰበሰበው እዚያ ነው። ለቅሶም እዚያ ነው። ማታ ማታ የ12ኛ ክፍል ልጆች ያጠኑበታል። ፕሮጀክተሩ እዚያ ሊሰቀል ነው። እኔ ፎቶ ቤት ስለምሰራ «ቀለም የምታውቂው አንቺ ነሽ» ተባልኩና ስራው ለኔ ተሰጠ። ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። የማደርገውን ሁሉ እዚህ እጽፋለሁ። ነገ እኔ ባልኖር ሌላ ሰው ከዚህ ተነስቶ እንዲቀጥል ነው የምፈልገው።

የእቃው ነገር ይህን ይመስላል፦ የብርሃኑ ጉልበት 3000 ሉመን፣ ምስሉ 1024 በ768 ፒክስል (ነጥብ)። ከኋላው የምስል ኬብል የሚሰካባቸው አንድ ኤችዲኤምአይና ሁለት ቪጂኤ፣ ቢጫዋ የቪዲዮ ቀዳዳና አንድ ዩኤስቢ አለው። ሪሞቱ ባትሪ አልነበረውም፤ ከሱቅ ገዛሁለት።

ስከፍተው ሜኑው በአረብኛ መጣ። አንድም ፊደል አላውቅም። በግምት ልነካካ ብዬ ነበር፣ ግን ፈራሁ። ያለውን ማስተካከያ ላጠፋው እችላለሁ። የሦስተኛ ፎቅ ጎረቤቴን ጠራኋት። ቤሩት ብዙ ዓመት ሰርታ የተመለሰች ናት። ነጠላዋን እንዳደረገች መጣችና ግድግዳው አጠገብ ቆመች። «ቁልቁል ውረጂ። ቆይ። አሁን ግቢ።» ጣቷ ምስሉ ላይ ጥላ ጣለ። «ይቺ ናት! ሉጋ። ቋንቋ ማለት ነው።» ገባሁና እንግሊዝኛ መረጥኩ።

ማንበብ የት እንደተማረች ጠየቅኳት። «ከማዳም ልብስ ማጠቢያ ማሽን ላይ። ቁልፍ ቁልፉን እያየሁ» አለችኝ። እኔ በዚህ ማሽን ላይ ላደርገው የምፈልገውን ነገር እሷ በባዕድ አገር ብቻዋን አድርጋዋለች።

የቋንቋ ዝርዝሩን እስከ ታች ወረድኩ። አማርኛ የለውም።

ሜኑው ስድስት ክፍል ነው፦ ኢሜጅ፣ ሲግናል፣ ሴቲንግስ፣ ኤክስቴንድድ፣ ኢንፎ፣ ሪሴት። መጀመሪያ የገባሁት ኢንፎ ውስጥ ነው። ያገለገለ ፕሮጀክተር የሚገዛ ሰው ሁሉ ብር ከመክፈሉ በፊት እዚያ ይግባ። የአምፖሉን ሰዓት ያሳያል። የኛ 2316 ይላል። ሻጩ «ብዙም አልሰራ» ብሎን ነበር። በነገራችን ላይ ይህ ቁጥር ሪሴት ውስጥ ገብቶ ወደ ዜሮ መመለስ ይችላል። ስለዚህ ትንሽ ቁጥር ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ይልቅ 2316 ማለቱ እንዳልተነካ ነገረኝ፤ በዚህ ተጽናናሁ።

እሁድ፣ ኅዳር 7

ከቅዳሴ መልስ ላፕቶፔን አገናኘሁ። ምስሉ መጣ፣ ግን ቀለሙ ልክ አይደለም። ነጩ ገጽ ወደ ሮዝ ሄዷል። የሰው ፊት ደም የሰረበት ይመስላል። ኬብሉን ነቅዬ ሰካሁ፤ ያው ነው። አምፖሉ አርጅቶ ይሆን ብዬ ደነገጥኩ። የቀረችን ብር አምፖል አትገዛም።

ከዚያ ኢሜጅ ውስጥ ገብቼ ከለር ሞድ የሚለውን አየሁ። «ብላክቦርድ» ላይ ተቀምጧል። ነገሩ ያኔ ገባኝ። ይህ ማሽን ከኛ በፊት ማስተማሪያ ክፍል ውስጥ ነበር ማለት ነው። ብላክቦርድ የሚባለው ሞድ የሚያገለግለው በአረንጓዴ የጠመኔ ሰሌዳ ላይ ለሚያሳይ ሰው ነው። ሰሌዳው ምስሉን ወደ አረንጓዴ ስለሚጎትተው ማሽኑ በተቃራኒው ቀይ ይጨምራል። ሁለቱ ተጣፍተው ነጭ ይወጣል። ነጭ ግድግዳ ላይ ግን የሚያጣፋው አረንጓዴ ስለሌለ ቀዩ ብቻውን ይቀራል። «ፕሬዘንቴሽን» ወደሚለው ቀየርኩት። ሮዙ በአንዴ ጠፋ። ሌላ ምንም አልነካሁም። ብራይትነስና ኮንትራስትን ቀድሞ የሚነካካ ሰው ብዙ አይቻለሁ። መጀመሪያ ሞዱ ይታይ።

የት ላይ ይታይ የሚለው ሌላ ክርክር ነበር። የእድሩ ዳኛ አቡጀዲ እንወጥር አሉ። ሞከርነው። ከጀርባው ያለው መስኮት ብርሃን አሳለፈ፣ ንፋስ ሲመጣም ተንቀሳቀሰ። ግድግዳውን በጂብሰም አለስልሶ ነጭ ቀለም መቀባቱ ይሻላል ተባለ። የሚያብለጨልጭ ቀለም እንዳይገዛ አደራ ብያለሁ፤ የአምፖሉን ብርሃን መልሶ አይን ውስጥ ይከታል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ብየዳ ቤት ሄድኩ። ከቱቦላሬና ከላሜራ መስቀያ አዘዝኩ። ግድግዳው ተቀብቷል። ሌላ የተሰራ የለም።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ኅዳር ሲታጠን። ከማለዳ ጀምሮ በየብሎኩ ቆሻሻ እየተሰበሰበ ይቃጠላል። በ1911 ዓ.ም. አገሩን በፈጀው የኅዳር በሽታ ጊዜ የተጀመረ ነው ይላሉ ትላልቆቹ። ጭሱ ኮሚናሉ ውስጥም ገባ። ፕሮጀክተሩን ጠረጴዛ ላይ ከፍቼ ለልጆቹ አንድ የባዮሎጂ ቪዲዮ እያሳየሁ ነበር። የብርሃኑ መስመር በጭሱ ውስጥ ጎልቶ ይታያል። ልጆቹ እጃቸውን ይሰዱበታል። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ማሽኑ ብቻውን ጠፋ። የሙቀት ምልክቷ ቀይ ሆናለች።

እንዲበርድ ተውኩትና ነቀልኩት። ጎኑ ላይ ያለችውን የአየር ማጣሪያ አወጣኋት። ግራጫ ብርድ ልብስ መስላለች። የዛሬ ጭስ ብቻ አይደለም፤ የቆየ አቧራ ነው፣ የጠመኔም ይመስለኛል። በለስላሳ ብሩሽ ቀስ ብዬ አራገፍኳት። ውሃ አላስነካኋትም።

መልሼ ስከፍተው ኤክስቴንድድ ውስጥ፣ ኦፕሬሽን በሚለው ስር አንድ ነገር አገኘሁ። «ሃይ አልቲቲውድ ሞድ» ይላል። ጠፍቶ ነው ያለው። መመሪያው ከ1500 ሜትር በላይ ያለ ሰው ይክፈተው ይላል። አዲስ አበባ ከ2000 ሜትር በላይ ናት። እንጦጦ አናቱ ላይ 3000ን ያልፋል። እዚህ አገር አየሩ ስስ ነው። ስስ አየር ሙቀት ተሸክሞ የመውጣት አቅሙ ያንሳል። ስለዚህ ማራገቢያው በፍጥነት መዞር አለበት። ይህ ሞድ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ማሽኑ ያለበትን ከፍታ በራሱ አያውቅም፤ እኛ ነን የምንነግረው። አዲስ አበባ ውስጥ ስንት ፕሮጀክተር ይህ ሳይከፈትለት አምፖሉ ቶሎ አልቆ ይሆን ብዬ አሰብኩ።

ከፈትኩት። ድምፁ ጨመረ። ዳኛው «ወፍጮ ቤት አስመሰልሽው» አሉኝ። «ጋሼ፣ ይህን ድምፅ ካጠፋነው አምፖሉን ነው የምናጠፋው» አልኳቸው። ጭንቅላታቸውን ነቅንቀው ተቀበሉኝ። ሁለት ሰዓት ያለማቋረጥ ሰራ። ምልክቷ አልበራችም። ያጠፋው የማጣሪያው መደፈን ይሁን የሞዱ አለመከፈት ለይቼ አልሞከርኩም፤ ሁለቱም መስተካከል ስለነበረባቸው ሁለቱንም አደረግኩ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ዛሬ ሰቀልነው። ሙሉ ቀን ፈጀ።

ከግድግዳው 3.6 ሜትር ላይ ጣሪያውን በስተን ፊሸር አስገባን። በዚህ ርቀት ምስሉ 2.4 ሜትር ስፋት አለው። ማሽኑ ተገልብጦ ስለሚሰቀል ምስሉም ተገልብጦ ወጣ፤ ሜኑው ራሱ በጭንቅላቱ ቆመ። ኤክስቴንድድ ውስጥ ፕሮጀክሽን የሚለው «ፍሮንት» ላይ ነበር። «ፍሮንት ሲሊንግ» አልኩት፣ ቀና አለ።

ቀጥሎ ያለው ነው ልቤን የበላው። መስቀያው አጭር ነው። ማሽኑ ጣሪያው ላይ ተለጥፎ ቀረ። ምስሉ ከተቀባው ቦታ በላይ ስለሚያርፍ አፍንጫውን ቁልቁል አዘነበልነው። ያን ጊዜ ምስሉ ከላይ ጠባብ፣ ከታች ሰፊ ሆነ። የረዳኝ ልጅ «ኪስቶን አለ አይደል» አለና በሪሞቱ አስተካከለው። ምስሉ አራት ማዕዘን ሆነ። ሁሉም አጨበጨበ።

እኔ ግን ወደ ኋላ ወንበር ሄድኩ። ላፕቶፑ ላይ አንድ የታሪክ ማስታወሻ በአማርኛ ከፍቼ ነበር። ከኋላ ሆኜ ሳየው የሆነ ነገር ቅር አለኝ። አንዷን ተማሪ አጠገቤ አስቀምጬ «አንብቢልኝ» አልኳት። «ተማሪው ያገነው ውጤት» ብላ አነበበች። የተጻፈው «ያገኘው» ነው። የኘ አናት ላይ ያለችው መስመር ጠፍታለች። ቀጠልን። ሸ ሰ ሆናለች። ቸ እና ተ አይለዩም። ሉ እና ለን የምትለየው ትንሿ ቅጥያ ፈዛለች።

ምክንያቱ ይህ ነው። ኪስቶን የማሽኑን መነጽር፣ ማለትም ሌንሱን፣ አያንቀሳቅስም። ሰፋ ብሎ የወጣውን የምስሉን ክፍል በጥቂት ፒክስል ውስጥ አጭቆ ያጠበዋል። ማሽኑ ያለው 1024 በ768 ብቻ ነው። ሲታጨቅ ቀጭኑ መስመር መጀመሪያ ይሞታል። ፊልም ለሚያይ ሰው ምንም ማለት አይደለም። በላቲን ፊደል ለሚያነብም ብዙ ላይጎዳ ይችላል። የኛ ፊደል ግን ትርጉሙን የሚሸከመው በእነዚያ ቀጫጭን ቅጥያዎች ነው። አንዲት ሰረዝ ስትጠፋ ቃሉ ሌላ ይሆናል። ለፈተና የሚያጠና ልጅ ፊት ይህን ማስቀመጥ አልችልም።

ተሰብስበው ኳስ የሚጠብቁት ልጆች «ይብቃ፣ ጥሩ ነው» አሉኝ። አይ አልኩ። መስቀያውን አወረድነው። ብየዳ ቤት ሳይዘጋ ደርሰን 35 ሳንቲሜትር ቱቦላሬ አስቀጠልን። ማታ መልሰን ሰቀልነው። መነጽሩ ከምስሉ የላይኛው ጠርዝ ጋር ትክክል መጣ። ማሽኑ ዝንባሌ የለውም። ሴቲንግስ ገብቼ ኪስቶኑን ዜሮ አደረግኩት። ያችን ልጅ መልሼ ኋላ አስቀመጥኳት። «ያገኘው» አለች። እቅፍ አድርጌ ሳምኳት።

እሁድ፣ ኅዳር 14

የዛሬው የምንጮቹ ጉዳይ ነው። ኤችዲኤምአዩ አንድ ነው። ፈላጊው ሁለት ነው፦ ሪሲቨሩና ላፕቶፑ። በየጊዜው ጣሪያ ላይ ወጥቶ መንቀል አይቻልም። ስለዚህ ሪሲቨሩ ኤችዲኤምአዩን በቋሚነት ይዟል። ለላፕቶፕ የቪጂኤ ኬብል ግድግዳውን ተከትሎ ወርዷል፤ ቪጂኤ ለሌለው ላፕቶፕ አዳፕተር ገዝተናል። ሪሞቱ ላይ «ሶርስ ሰርች» የሚለውን ሲጫኑት ማሽኑ ሲግናል ያለበትን ቀዳዳ ፈልጎ ይሄድበታል። ሲግናል የሌለውን ይዘለዋል። ይህን ያላወቀ ሰው ላፕቶፑን ሳይከፍት ሰርች ይጫናል፤ ማሽኑ ደግሞ ወደ ሪሲቨሩ ይመለሳል፤ ከዚያ «ተበላሸ» ይባላል። መጀመሪያ ላፕቶፑ ይከፈት። ከዚያ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍና የ«P» ፊደልን ቁልፍ አንድ ላይ ተጭኖ «ዱፕሊኬት» መምረጥ። ከዚያ ሰርች።

ቪጂኤ ምስል ብቻ ነው የሚያደርሰው፤ ድምፅ የለውም። ለድምፅ ከላፕቶፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ትልቁ ስፒከር ሌላ ገመድ ዘረጋሁ።

ማታ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ሪሲቨሩን ከፈትን። ያለ የሌለው ሰው መጣ። ምስሉ ግን እንደገና ሮዝ ነው! ለካ ይህ ማሽን የቀለም ምርጫውን ለእያንዳንዱ ምንጭ ለየብቻ ነው የሚያስቀምጠው። ባለፈው እሁድ ያስተካከልኩት ለላፕቶፑ ብቻ ኖሯል። ለኤችዲኤምአዩም ከብላክቦርድ አወጣሁት። «ዳይናሚክ» አልኩት፤ በኳስ ሰዓት መብራት ስለማይጠፋ ብርቱ ብርሃን ይፈልጋል።

ሮዙ ሄደ፣ ግን ጥቁሩ ጥቁር አልሆነም። የኳስ ጨዋታው ዳኛ ልብስ አመድ ነው። ሜዳውም ቡላ። ይህን በስራዬ አውቀዋለሁ። ብርሃን በቁጥር ሲለካ፣ በቪዲዮ ዓለም ጥቁር 16 ላይ ይጀምራል፣ ነጭ 235 ላይ ያበቃል። በኮምፒውተር ዓለም ከ0 እስከ 255 ነው። ሪሲቨሩ በ16 የላከውን ጥቁር ፕሮጀክተሩ ከ0 የሚቆጥር ከሆነ 16ን ግራጫ አድርጎ ያየዋል። ሲግናል ውስጥ «ቪዲዮ ሬንጅ» የሚል አለ። «ኤክስፓንድድ» ላይ ነበር። «ኖርማል» አደረግኩት። የዳኛው ልብስ ጠቆረ፣ ሳሩ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላ አንዱ «እሰይ!» አለ። ጎል የገባ መስሎኝ ዞርኩ። ቀለሙን አይቶ ነው።

ከላይና ከታች የቀረውን ጥቁር መስመር «ለምን አትሞይውም» ብለው ለመኑኝ። የምስሉን ስፋትና ቁመት የሚወስነው አስፔክት ውስጥ ገብቼ አሳየኋቸው። 4 በ3 ሲደረግ ሜዳው ይሞላል፣ ተጫዋቾቹ ግን ይረዝማሉ፣ ኳሷም እንቁላል ትሆናለች። ያዩት ራሳቸው ወደ 16 በ9 መልሺው አሉኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

ይህ ስህተት የኔ ነው፤ እንዳይደገም በዝርዝር እጽፈዋለሁ።

ሰኞ ማታ መብራት ሦስት ጊዜ ሄደ መጣ። በየጊዜው ሪሞት ፍለጋ እንዳይኬድ ብዬ «ዳይሬክት ፓወር ኦን» የሚለውን ከፈትኩ። ይህ ሲከፈት ማሽኑ መብራት እንዳገኘ በራሱ ይነሳል። ጥሩ መሰለኝ። ትናንት ማታ ተማሪዎቹ ሲያጠኑ መብራት ሄደ። ጠብቀው ጠብቀው ወደየቤታቸው ገቡ። ዲቫይደሩን ግን ማንም አልነቀለም።

ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ጥበቃው ጋሼ በሬን አንኳኩ። «ልጄ፣ ኮሚናል ውስጥ ሰው አለ። ብርሃን ይታየኛል።» ጋቢዬን ደርቤ ወረድኩ። በሩ እንደተቆለፈ ነው። ስንከፍተው ባዶ አዳራሽ ውስጥ፣ ግድግዳው ላይ፣ ቴሌቪዥን እየሄደ ነው። ወንበሮቹ ብቻ ያያሉ።

ኢንፎ ገብቼ ሰዓቱን አየሁ። ተማሪዎቹ ሲጀምሩ ከመዘገቡት አምስት ሰዓት ጨምሯል። «ስሊፕ ሞድ» በ10 ደቂቃ እንዲጠፋ አድርጌው ነበር፤ ለምን አልጠፋም? ስሊፕ ሞድ የሚሰራው ሲግናል ከሌለ ነው። መብራት ሲመጣ ሪሲቨሩም አብሮ ተነስቷል። ፕሮጀክተሩ ሲነሳ ሲግናል አገኘ። ሰርች እንኳ አላስፈለገውም። ለማንም ያሳይ ነበር።

ዳይሬክት ፓወር ኦንን አጠፋሁት። መብራት ሲሄድ በባትሪ የምትይዝ አነስ ያለች ዩፒኤስም ከፎቶ ቤቴ አምጥቻለሁ። ብዙ አትቆይም፤ ግን መብራት ሲሄድ ማሽኑን በወጉ አጥፍተን ማራገቢያው አምፖሉን እስኪያበርደው ድረስ ትበቃናለች። ጋለ ብሎ በድንገት የጠፋ አምፖል ወዲያው ሲነሳ ይጎዳል። አምስቱን ሰዓት ለኮሚቴው ነገርኳቸው። የአምፖሉ ሰዓት የሚመዘገብበት ደብተር ላይም ጻፍኩት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

ሦስት ማታ አንድ ወረቀት ስጽፍ ነበር። ሜኑው አማርኛ ስለሌለው አማርኛውን እኛ እንሰጠዋለን። ሁሉንም አልተረጎምኩም። ሰው በእለቱ የሚፈልገውን ብቻ፦ ሰባት ቁልፍ። አጠገቡ የሪሞቱን ስዕል አደረግኩ፤ የቁልፉን ቅርጽና ቦታ ያሳያል።

«ሶርስ» የሚለውን «ምንጭ» ብዬ ጽፌ ለዳኛው አሳየኋቸው። «ምንጭ ብትይ ሰው ውሃ ነው የሚያስበው» አሉኝ። «ታዲያ ምን ልበል ጋሼ?» ትንሽ አሰቡ። «ከየት ይምጣ በይው።» ትክክል ናቸው። ቁልፉ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ምስሉ ከላፕቶፕ ይምጣ፣ ከሪሲቨር ይምጣ? ወረቀቱ ላይ «ከየት ይምጣ» ተብሎ ተጽፏል። ምስሉን ለጊዜው የሚያጠፋውን ቁልፍ «ጋርድ» አልነው። «ኪስቶን» አጠገብ «ዜሮ ነው፤ አይነካ፤ ፊደል ያበላሻል» ብያለሁ። ሪሴት ላይ በቀይ «አይገባበትም» ተብሏል። ሃይ አልቲቲውድን «የደጋ ማራገቢያ» አልኩት፤ «ድምፁ ጤነኛ ነው» የሚል ጨምሬበታለሁ።

ወረቀቱ ይስራ አይስራ ለማወቅ ሪሞት ይዞ የማያውቅ ሰው ፈለግኩ። የእድሩን ገንዘብ ያዥ ለመንኳቸው። እትዬ ስልካቸውን እንኳ ልጃቸው ነው የሚደውልላቸው። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ፤ ላልናገር ለራሴ ቃል ገባሁ። መነጽራቸውን አደረጉ። ወረቀቱን በጣታቸው ተከተሉ። ማብሪያውን ተጫኑ። አምፖሉ እስኪሞቅ ምስሉ አልመጣምና ወደኔ ዞሩ። ዝም አልኩ። ወረቀቱን መልሰው አዩ፤ «ከ30 ሰከንድ እስከ 1 ደቂቃ ይጠብቁ» ይላል። ጠበቁ። ምስሉ መጣ፣ ሪሲቨሩ ነው። «ከየት ይምጣ» የሚለውን ፈልገው ተጫኑ። ምንም አልሆነም። ላፕቶፑ እንደተኛ ነው። እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። ወረቀቱ ላይ «መጀመሪያ ላፕቶፑን ያንቁ» የሚለውን ሲደርሱበት «አሃ» አሉ። ላፕቶፑን ነካ አደረጉት፣ ደግመው ተጫኑ።

የኅዳር ወር የእድር ሂሳብ ግድግዳው ላይ ወጣ። እትዬ ዘወር ብለው «እስቲ ተቀመጡ፣ ልንጀምር ነው» አሉ። ለተሰበሰበው ሰው ነው ያሉት፣ ለኔም ጭምር። ሄጄ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ሆኜ እያንዳንዷን ፊደል ማንበብ ቻልኩ።

ሰኞ ማታ ልጆቹ ፊዚክስ አላቸው። ረዳት አስተማሪው ላፕቶፑ ኤችዲኤምአይ ብቻ ነው ያለው ብሎኛል። አዳፕተሩን ከድምፁ ገመድ ጋር አስሬ ሳጥኑ ውስጥ አስቀምጬለታለሁ። ማጣሪያዋን በየወሩ የሚያራግፈው የሁለተኛ ፎቁ ልጅ ነው፤ ቀኑን ደብተሩ ላይ ይጽፋል። የአምፖሉ ሰዓት ዛሬ ሲዘጋ 2361።